ባለ ሐረጉ ፊደል

ሸዋ ሮቢት ገበያ አጠገብ ወዳለችው ማተሚያ ቤት የገባችው ሴት ስልሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። በፕላስቲክ ጫማዋ ላይ የሽንኩርት ማሳ ጭቃ ደርቋል። ለናሙና የተደረደሩትን የሠርግ ካርዶች ከመንካቷ በፊት እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ጽሕፈቱን የምትሠራው ሐምዲያ፣ ሴትዮዋ ልጇን ልትድር የመጣች መስሏት ቀለል ያለውን ፊደል አሳየቻት። ሴትዮዋ ገፋ አደረገችው። ሌሎቹን ስታገላብጥ ቆይታ፣ ጫፉ እንደ ሐረግ የሚጠመዘዘው ፊደል ላይ ስትደርስ ቆመች። ጣቷ የ«ሠ»ን ጭራ ተከትሎ ወጣ፣ ዞረ፣ ተመልሶ ወረደ። ሳይታወቃት ፈገግ አለች።

«ይኼ ይሁንልኝ።»

«እማማ፣ ይኼ ለስም ብቻ ሲሆን ነው የሚያምረው። ጥሪው ሁሉ በሱ ከተጻፈ ሽማግሌዎቹ ማንበብ ይቸገራሉ» አለች ሐምዲያ።

«ይቸገሩ።»

ሐምዲያ ሳቀች። «እሺ፣ የሙሽራዋን ስም ማን ልበል?»

«የኔን ጻፊው» አለች ሴትዮዋ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ።

ሐምዲያ ከኪቦርዱ ቀና ብላ አየቻት።

«በፊተኛው ሠርጌ ልጅ ነበርኩ። ድግሱ የኔ መሆኑን እንኳ የነገረኝ የለም፤ በቅሎዋ ላይ ሲያወጡኝ ነው ያወቅሁት። አሁን ግን ጠሪዋ እኔ ነኝ። ማንበብ ያቃተው መጥቶ ይጠይቀኝ።»

ሐምዲያ ተነሥታ ወንበር አቀረበችላት። ከዚያም ስሟን ጠይቃ ከካርዱ አናት ላይ፣ ሐረጉን እስከ ዳር ድረስ ለቅቃ ጻፈችው።