የትርንጎው ዋስ

በቀደም ጎረቤቴ ከሐይቅ ገበያ ስትመለስ አንድ ትርንጎ አምጥታ "እስቲ ቅመሽው" ብላ ሰጠችኝ። ልጣጩን በጥፍሬ ጫር ባደርገው ሽታው ዐይኔን በእንባ ሞላው፤ ይህቺ አሮጊት በፍሬ ታለቅሳለች እንዳልባል ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጓሮው ደግሞ ባሰብኝ። በልግ ገብቷል፣ ከሐይቁ የተነሣው ጉም ገና ከቅንጭቡ አጥር ላይ አልለቀቀም፣ አፈሩ ርሶ ቆፍሩኝ ቆፍሩኝ ይላል፤ የሚቆፍረው ሰው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አባቴ በሰው መሬት ጢሰኛ ሆኖ ነው ያደገው። ጢሰኛ ዛፍ አይተክልም ነበር፤ ባለመሬቱ ድንገት ተነሣ ቢለው ጎመኑን ነቅሎ ዱባውን ተሸክሞ መሄድ ይችላል፣ ዛፍ ግን በትከሻ ተይዞ አይኬድም። እናም መሬት ላራሹ ታውጆ ይህቺን የሐይቅ ዳር ቁራሽ ሲያገኝ ከቤትም ከአጥርም በፊት ያሰበው ዛፍ መትከል ነው። የትርንጎውን ችግኝ የሰጡት ወዳጁ የነበሩ አንድ የገዳም መነኩሴ ናቸው፤ ሥሩን ከነአፈሩ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አስይዘውት መጣ፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ተከለው።

ከዚያ ወዲያ በልግ በመጣ ቁጥር ጓሮአችን ሰላም የለውም። አባቴ ዛሬ ከሐይቁ ውሃ እስባለሁ ብሎ ቦይ ሲቆፍር፣ ነገ ቦዩ ሽቅብ እንደማይወጣ ገብቶት መልሶ ሲደፍን፣ እናቴ በመደቡ ላይ ጎመንና ቃሪያ ስታፈላ፣ እኔ የፍየል ፍግ በእጄ እየፈረፈርኩ ስበትን፣ የበሶብላውና የእርጥብ አፈሩ ሽታ ተቀላቅሎ ልብሳችን ላይ ያድር ነበር። ሁሉም ይበቅላል፤ ትርንጎው ብቻ ቅጠሉን እያንዠረገገ ዓመት ቆጠረ። እናቴም በአባቴ መቀለጃ አገኘች፦

"አይ አንተ! ከገዳም ያመጣኸው ዛፍ መንኩሶ ነው እኮ። መነኩሴ ምን ሊወልድልህ ነው?"

አባቴ ከሰው ጋር ይስቅ ነበር እንጂ በዛፉ ሲመጡበት አይወድም። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ መጋቢት ላይ፣ የአገሩን የድሮ ብልሃት አወጣ። እልኸኛ ዛፍ በሁለት ሰው ነው የሚገራው፤ አንዱ መጥረቢያ ያነሣል፣ ሌላው እጁን ይይዝና ዋስ ይሆናል። ማንም መሳቅ የለበትም፤ ዛፉ ቀልድ መሆኑን ካወቀ ከዚያ ወዲያ አይፈራም። ዋሷ እናቴ ልትሆን ነበር፤ ነገር ግን ገና መጥረቢያው ሲነሣ ሳቋ አመለጣትና ተባረረች። ተራው ለእኔ ደረሰ።

"ይኸ ዛፍ ቦታ ይዞ ጥላ ብቻ ሆነብኝ። ዛሬስ ቆርጬ እማግደዋለሁ" አለ አባቴ፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

"ተወው አባ፣ ለከርሞ ያፈራል። ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩና በሁለት እጄ ክንዱን ያዝኩ።

ግንዱን በመጥረቢያው ጠርዝ አንዴ ነካ አድርጎ ሄደ። የእኔ ጭንቅ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛፉ ባያፈራስ ዋሱ ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም ሳይስቅ "ዋስማ በዛፉ ቦታ ይቆማል" አለኝ። አመንኩት። ጠዋት ጠዋት በቅል ውሃ አጠጣለሁ፣ ሰው ሳያየኝ ደግሞ ሁለት እጄን ዘርግቼ ከጎኑ መቆም እለማመዳለሁ፤ ወፍ ቢያርፍብኝ ምን አደርጋለሁ የሚለው ሳይቀር አሳስቦኛል።

ትርንጎው ሳያብብ ጦርነቱ ደረሰብን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለግንባር ሰው እንዲያዋጣ ታዝዞ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ጓሮአችን ገባ። አባቴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ለዱባ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ስሙን ጠሩት፣ ዶማውን አስቀመጠ፣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ሰው ሲወሰድ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የማውቀው አንድ የዋስትና ቃል ነው። ሮጬ የሊቀመንበሩን ክንድ በሁለት እጄ ያዝኩና፦

"ተዉት፣ ለከርሞ ያፈራል። ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ።

ታጣቂዎቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። አባቴም እንደ መሳቅ አለና ጎንበስ ብሎ ጭቃ በነካው እጁ ጉንጬን ያዘ።

"አብሽሪ ልጄ። አንቺ ዛፉን ያዢ፤ ለእኔ አላህ ዋስ ይሁነኝ" አለ፤ ወሰዱት።

ለከርሞ ትርንጎው አበበ፣ አፈራም። እናቴ የመጀመሪያውን ፍሬ "አባትሽ ይቁረጠው" ብላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፤ ቤታችን ወር ሙሉ ትርንጎ ትርንጎ ሸተተ፣ ከዚያ ፍሬው ጠቆረ፣ ደረቀ፣ እንደ ድንጋይ ሆነ። እሱ አልመጣም፤ የት እንደ ወደቀ የነገረንም የለም። ለሁለት ዋስ ሆኜ አንዱ ብቻ ቃሉን ጠበቀልኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዛፉ አልቀለደችም።

ትርንጎው ባል ሳገባ፣ ልጆች ስወልድ፣ ባሌን ስቀብር ከእኔ ጋር ነበር። የአሁኑ ጦርነት ሲመጣ ግን ጥለነው ሸሸን፤ ስመለስ ጉቶውን አገኘሁት፣ ማን እንደ ማገደው አላውቅም። ልጆቼ ኮምቦልቻ ቀሩ። እኔ ጎመኔን አፈላሁ፣ አጥሬን ጠገንኩ፣ አባቴ ሊያጠጣው ያልቻለውን መደብ በባልዲ አጠጣለሁ። ሥራው አይከብደኝም። ቦዩ ሽቅብ አይወጣም ብሎ የሚስቅብኝ ሰው ማጣቱ ነው የከበደኝ።

ማታ ማታ ልጆቼ ይደውላሉ። በግቢው ሁሉ ኔትወርክ የሚይዘው ጉቶው ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ወጥቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሽቅብ ይዤ እቆማለሁ። "እማ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ? ነይ እንጂ" ይሉኛል። ዱባ ልተክል ነው እላለሁ፣ ዝናቡ ያባራ እላለሁ። ዋስ ነኝ ብላቸው አይገባቸውም። ስልኩ ሲዘጋም እጄን ቶሎ አላወርድም።