ሳይታረድ የዋለ በግ

ነገ ከጎንደር በአውሮፕላን እሳፈራለሁ። ልጆቼ እስራኤል አገር ሆነው ይጠብቁኛል። እኔ ግን ዳባት አጠገብ፣ የጥንት ጎረቤቴ ቤት መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። ደጁ ላይ በግ ታስሯል። የእናቴን መቃብር ገና አላየሁም።

የመጣሁት ለእሱ ነበር። በጎልማሳነቴ ትቻት የወጣኋት እናቴ ከዚያ ወዲያ ሞታ የተቀበረችው እዚህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰው ቤት ከረምሁ፤ "መቃብሩን አሳየኝ" ባልሁት ቁጥር ጎረቤቴ ምክንያት አያጣም። ሐምሌ ላይ "ወንዙ ሞልቷል" አለኝ። ነሐሴ ላይ "በዚህ ጭቃ ከዘራ አያወጣህም" አለኝ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ወገቡን አመመው። ብቻዬን እንዳልሄድ መንደራችን ፈርሶ ጠፍቷል፤ ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው። እሺ እሺ ስል ቀኑ አለቀ።

በዚህ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ።

"የት ልትሄድ? በግ ገዝቼልህ?" አለ።

"አንተው ብላው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ክርስቲያን ያረደውን እንደማንበላ ታውቃለህ።"

"እንግዲያው ቢላዋውን እንካ፣ አንተ እረደው።"

"እኔ ካረድሁት አንተ ትበላለህ?"

"እኔማ አልበላም!"

"ታዲያ ለማን ነው የሚታረደው? ለጅብ?"

ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች። "እናንተ ስትከራከሩ በጉ አርጅቶ ይሞታል። ይቀመጡ እንጂ ወንድሜ፤ አፈር ስሆን፣ ትንሽ ሽሮ ይቅመሱ።"

አፈር ስሆን ከተባለ በኋላ እንዴት ይወጣል? ተቀመጥሁ። ሽሮው መጣ፣ ጠላው መጣ፣ ቀጥሎ ሰው መጣ። ሊሰናበቱኝ ነው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይገባል፤ በሩን ሞልተውታል። የሚወደኝ ሰው ሁሉ ዘበኛ ሆነብኝ። ጎረቤቴ በመሀል በመሀል አንገቱን እያሰገገ ወደ ውጭ ያያል። ኋላ ገባኝ። እኔ ፀሐይዋ እንዳትጠልቅ እሰጋለሁ፤ እሱ እንድትጠልቅለት ይለምናል።

"አንተ ሰውዬ" አልሁት ሰው ሁሉ እየሰማ፤ "ምንድን ነው የደበቅኸኝ?"

የያዘውን የጠላ ዋንጫ አስቀመጠ።

"መቃብሩን ልጆቼ አረሱት" አለ። "መሬት ጠበበ። ብለምናቸው አልሰሙኝም።"

ተቆጥቼ እንዳልሄድ ጎንደር የሚያደርሰኝ መኪና የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ የማድረውም እሱ ቤት ነው። የተቆጡት ሰው ቤት ከማደር የከፋ እስር የለም። "ተነሥ" አልሁት ብቻ።

ቁልቁል ወረድን። ገብሱ ወገብ ደርሶ ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ደህና ገብስ ነበር፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ።

ዳር ላይ ቆምሁ። በእኛ ደንብ መቃብር የረገጠ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆያል። ልጆቼ ይህን ትተውታል፤ እኔ አልተውሁም። መቃብሯ የቱ ጋ እንደሆነ ባውቅ አጠገቧ ድረስ በሄድሁ። ካላወቅሁ ግን ማሳው ሁሉ መቃብር ነው። ባሕር ተሻግሬ መጥቼ አንድ ማሳ ገብስ አስቀረኝ።

ጎረቤቴ አየኝ። ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማውን አወለቀ። ገብሱን በእጁ እየገለጠ ገባና መሀል ላይ ቆመ።

"እዚህ ናት።"

"በምን አወቅህ?"

"ስትቀበር ማዶ ሆኜ አይቻለሁ። ልጆቼ ድንጋዩን ሲያነሡትም አይቻለሁ።"

"ብትዋሸኝስ?"

"ከዋሸሁ እዚሁ ልቀበር።"

"እንግዲያው እንዳትነቃነቅ።"

አባቴ ይደግመው ከነበረው የግዕዝ ጸሎት የማስታውሰውን ወደ እሱ ዞሬ ደገምሁ። የሳትሁትን እንደገና እየጀመርሁ ረዘመብኝ። እሱ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ፀሐይዋ ገባች።

"አልጨረስህም?" ብሎ ጮኸ።

"ቁም!"

ቆመ።

ስንመለስ በጉ እንደታሰረ ይጮኻል። ማታ የተረፈውን ሽሮ በላን። እሱ ይቅር በለኝ አላለኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልሁትም። ጎህ ሲቀድ ጓዜን መኪናው ላይ ጫነልኝ።

"በጉንስ ምን ላድርገው?" አለኝ።

"ለልጆችህ እረድላቸው። በልተው ሲጠግቡ ግን የቆምህባትን ቦታ አሳያቸው። ማረሻ እንዳይደርስባት።"

በሩን ዘጋልኝና መኪናው ተነሣ።