ጥሩር የለበሰው ደብተር

ባለፈው ቅዳሜ ብሉር ጎዳና ላይ ምሳ በልቼ ወደ ሰብዌይ ባቡሩ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አሮጌ መጽሔት ከሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ከመስታወቱ ሥር፣ በላስቲክ እንደ ተጠቀለለ፣ የልጅነቴ የሥዕል መጽሔት ጀግና፣ ብረት ለባሹ ባለጥሩሩ ቆሟል፤ የራስ ቁሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሊያወልቅ ሲል። ያችው የመጽሔቱ ቁጥር ነበረች። ወጣቱን ሻጭ ከላስቲኩ አውጥቶ እንዲያስሸትተኝ ጠየቅሁት፤ ሽበቴን አይቶ መሰለኝ፣ ሳይስቅ አወጣልኝ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከወረቀትና ከቀለም ጋር ነው። እርጥብ እንጨት እርጥብ እንጨት የሚለውን የዚያን ርካሽ ወረቀት ሽታ ግን ከልጅነቴ ወዲህ አላገኘሁትም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ የምንኖረው ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን በሚያርፍበት ፎቅ ላይ ነበር። ከሕንፃው ሥር ባለችው ሱቅ፣ ሲገፉት ሲጥ ሲጥ እያለ የሚዞር የሽቦ መደርደሪያ ላይ፣ ባለጥሩሩን መጀመሪያ አየሁት። ከአናቱ እስከ ተረከዙ ብረት ለብሶ ከደመና በላይ ተንሳፍፏል፤ ከተማው ከእግሩ ሥር እንደ ተበተነ ፍም ያበራል። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር የማነበው ሥዕሉን ነው፤ አፌን ከፍቼ ስቆም ባለሱቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉ ነበር። ኋላ ሲለምዱኝ አዲስ የመጣውን ከባንኮኒው ሥር ያቆዩልኝ ጀመር። በጫማ ካርቶን አጠራቀምኳቸው፤ አባቴ ዳዊቱን ከመግለጡ በፊት እንደሚያደርገው እጄን ሳልታጠብ አልነካቸውም።

የአባቴ ታናሽ እህት እትዬ አስካለ በሱዳን በኩል መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር፣ መጀመሪያ ያሳየኋት እሱን ነው። ሥዕሉን አዟዙራ አየችው።

«ፈረሱ የታለ?»

«ይበራል እኮ፣ እትዬ።»

«የሚበር ከሆነ ታዲያ ይሄን ሁሉ ብረት ምን አሸከመው?»

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያች ቁጥር ወጣች። ባለጥሩሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሊገልጥ ነው። ቶሎ እንዳያልቅብኝ ሰስቼ የመጨረሻውን ገጽ ሳልገልጥ፣ ከአዲሶቹ ደብተሮቼ ጋር ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወደ ውጭ ወረድኩ። ስመለስ እትዬ አስካለ የዱቄት ሙጫዋን በጥብጣ፣ መጽሔቱን ከሽቦው ፈትታ፣ ደብተሮቼን ለብዳ ጨርሳለች። ማዕዘኖቹ በጥፍር የተሳሉ ናቸው። ባለጥሩሩ ከሒሳብ ደብተሬ ፊት ላይ መሐል ለመሐል ተተክሏል፤ ፊቱ የሚታይበት የመጨረሻው ገጽ ግን ከሥሩ ወደ ውስጥ ተለጥፎ ቀርቷል። ጮህኩ።

«ምን ያስጮህሻል? ደብተርሽን ዕራቁቱን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? ሰው የሌላት ይሉሻል እኮ!»

ለምን እንደማለቅስ ሲገባት ልታላቅቀው ሞከረች፤ ወረቀቱ መቀደድ ሲጀምር ተወችው። ቀና ብላም ማየት አቃታት። እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ስትለጥፊው ፊቱን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ይመስላል?»

ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየፈተገች አሰበች። «ደክሞታል» አለች። «አባትሽ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የሚመስለውን ነው የሚመስለው።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከፋብሪካው የሌሊት ሥራ እስኪገባ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጫፉ ብረት የሆነውን ትልቁን ጫማ አንድ በአንድ ሲያወልቅ፣ ግንባሩ ላይ የቆቡ ጠርዝ የተወው ቀይ መስመር ሲታይ፣ ከመደርደሪያው ፊት እንደምቆመው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለኝ።

«ምንም።»

ካርቶኑን ወደ ስካርቦሮ ስንዛወር፣ ምድር ቤቱ ውኃ ሲገባው አጣነው። የተረፈው ያ የሒሳብ ደብተር ብቻ ነው፤ እኛ ቤት ደብተር አይጣልም። ከሥሩ ያለውን ገጽ ገልጬ ለማየት ግን ደፍሬ አላውቅም። አባቴ የለም፤ እትዬ አስካለም ካረፈች ቆየች።

ወጣቱ ሻጭ ቅጠሎቹን በጥንቃቄ እየገለጠ ወደ መጨረሻው ደረሰ። በሥራዬ ያላጣራሁትን ወሬ ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን እትዬ አስካለ እንደነገረችኝ ይቅር አልኩ። እጄን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ አስቆምኩት፣ አመሰገንኩት፣ ወደ ዝናቡ ወጣሁ።