«ልጄ ልትመጣ ነው»

አዳማ ውስጥ አከራይ «ልጄ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ካለ፣ የምትመጣ ልጅ የለችም። ይሄን ማንም ተከራይ ያውቃል። ተከራዩ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ይወጣል፣ በሳምንቱ ከፍ ባለ ኪራይ ሌላ ሰው ይገባል። እኔና እናቴ በፊት ከነበርንበት ቤት «ልጄ ሊያገባ ነው» ተብለን ነው የወጣነው። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነው። መንገድ ላይ ሳገኘው «ሰርጉ መቼ ነው?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ስለዚህ የአሁኗ አከራያችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ በራችን ላይ ቆመው ያንኑ ቃል ሲሉ እናቴ የስፌት መኪናዋን እንኳ አላቆመችም። ልብስ ሰፊ ናት። የክፍላችን በር ወደ አስፋልቱ ስለሆነ ደንበኞቿ የሚያውቁት ያንን በር ነው። ከዚያ ከወጣን ሥራዋም እዚያው ይቀራል።

«ውላችን የሁለት ዓመት ነው፣ እትዬ። ገና አልተጋመሰም። ሕግ አለ» አለች።

«ታዲያ ሕጉ ልጄን የት ያሳድርልኛል?» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ያጠራጥረኝ ጀመር። እትዬ የግቢውን በር ቀለም አስቀቡ። ለማን? ስልክ ሲደወልላቸው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። ለምን?

«ደላላ ነው» አልኳት ለእናቴ።

«ዓይንሽን ከበሩ እንዳትነቅዪ» አለችኝ።

አልነቀልኩም። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ክር ልትገዛ ገበያ እንደወጣች አንድ ባጃጅ ቆመ። ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ወረደችና የቤታችንን ግድግዳ በጣቷ ቆርቆር አደረገች። ጣሪያውንም ቀና ብላ አየች። ሹፌሩ ሁለት ስልክ ይዟል። በቃ! ደላላና አዲስ ተከራይ!

ቀረብ አልኳት። «ቤት ልታዪ ነው?»

«አዎ፣ እስቲ ልየው ብዬ ነው።»

«ለራስሽ ብዬ ነው እህቴ፣ ተይው። ውሃ የሚመጣው ሲያሻው ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከባልዲ ጋር ነው የምትተኚው።»

«አከራይዋስ እንዴት ናቸው?»

«እሳቸውንማ ተያቸው! ልጄ ልትመጣ ነው እያሉ ሰው ያስወጣሉ። ልጅ ያላቸውም አይመስለኝም።»

መነጽሯን አወለቀች። «አለኋቸው እንጂ!»

ወዲያው እትዬ «ኮቱ! ነይ የኔ ልጅ!» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ከቤታቸው ሮጠው ወጡ። እኔም ሮጥኩ፣ ወደ ውስጥ።

እናቴ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ራሷን ያዘች። «በሕግ ያልወጣነውን በአፍሽ አስወጣሽን!»

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፣ እትዬ ከኋላዋ። እናቴ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ «ውላችን አላለቀም» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ሻሸመኔ እኔም ተከራይ ነበርኩ። አከራዬ ልጄ ሊመጣ ነው ብለው አስወጡኝ። የገባው ግን ልጃቸው አይደለም። እኔ የጽሑፍ ውል አልነበረኝም፣ ምን ልበል?» ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ እኔ ላይ የደረሰውን በነሱ ላይ አላደርግም። ውላቸው እስኪያልቅ አንቺ ጋ ሶፋ ላይ እተኛለሁ።»

«ልጇን ሶፋ ላይ አስተኛች ይበሉኝ?»

«ይበሉሽ።»

እትዬ እያጉረመረሙ ሄዱ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጣሪያውን ልነካ ምንም አልቀረኝ። እናቴ ግን በሩን ዘግታ «እንዲህ ያለ ደግነት እንዲሁ አይመጣም» አለች።

በነጋታው ልጅቷ ጨርቅ ይዛ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። እናቴ ልኳን ስትወስድ እሷ ክፍሉን ዙሪያውን ትቃኛለች።

«እያት» አለችኝ እናቴ በጆሮዬ። «አልጋዋን የት እንደምታደርገው እያሰበች ነው።»

«ታስብ» አልኳት። «ውሉ እስኪያልቅ ጊዜ አላት።»