ከባሌ ደም የወጣው ብረት

በሬው ባሌን የወጋው ከቀንበር ሲፈታው ነው። ቀንዱን ጭኑ ውስጥ ሰክቶ አንሥቶ አፈረጠው። እኔ ሮጬ ስደርስ ትልሙ ደም አቁሯል፤ በሬው ግን ንዴቱ ገና አልወጣለትም፤ አፈሩን እየጫረ ያጓራል።

ነጠላዬን ቀድጄ ጭኑን ጠፍሬ አሰርኩት። አምበር ጤና ጣቢያ ሰፉትና "ዛሬውኑ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዱት" አሉን። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው፣ እንቢ አለ። "ቤቱ ይግባ፤ የፈሰሰውን ደም እኔ እተካዋለሁ።"

በእኛ አገር ለነፍሰ ጡር ሴት ደም ይተካል የሚባል ክኒን ይሰጣል። ሴቶቹ ሆዳችንን ይነፋናል ብለው አይውጡትም፤ መጣሉንም ይፈሩና ቅል ውስጥ ያኖሩታል። ዋርሳዬ በየቤቱ እየዞረ ያንን ሁሉ ለቅሞ መጣ። ጧት ማታ በማር እየለወሰ ያጎርሰው ጀመር።

"ኧረ ጋሼ፣ እንደ ቆሎ አደረጉት እኮ!" ስለው፣

"ዝም በይ! አንዷ ፍሬ እናትና ልጅ ካቆመች፣ እፍኙ ወንድሜን ያስፈነጥረዋል" አለኝ።

ምን ያስፈነጥረዋል! ባሌ ጥቁር አስመለሰ። ቁስሉ አብጦ ሸተተ፣ ገላው እሳት ሆነ፣ ሽንቱ ቆመ። በቅዠቱ በሬው መስዬው አንገቴን አነቀኝ፤ ጎረቤት ነው ጣቶቹን ፈልቅቆ ያስጣለኝ። በቃሬዛ አውጥተን ማርቆስ አደረስነው።

ዶክተሩ ምርመራውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። "ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል፤ ኩላሊቱም ሥራ አቁሟል። አይረኑ፣ በደሙ ያለው ብረት ማለቴ ነው፣ ምንድን ነው እንዲህ ከልክ ያለፈው? ምን ስትሰጡት ነበር?"

ነገርኩት። ግንባሩን ያዘ።

"እናቴ፣ ያ ክኒን ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ለሰው ብቻ አይደለም ምግብ የሚሆነው፤ ለጀርሙም ነው። ሲተርፍ እሱን ቀለባችሁት።"

"ታዲያ አይወጣም?"

"ብረቱን የሚይዝ መድኃኒት እንሰጠዋለን፤ የተያዘውን የኩላሊት እጥበቱ አብሮ ያወጣዋል። ይተርፋል ብዬ ግን አልምልልዎትም።"

ደሙ ከአንገቱ በቱቦ እየወጣ በመሣሪያው ይዞራል፣ ታጥቦ ይመለሳል። እኔ እሱን እያየሁ እጸልያለሁ። ዋርሳዬ ዱላውን እንደያዘ ዘበኛውን ገፍትሮ የገባው በዚህ መሐል ነው።

"ደሙን እየቀዱት ነው! እኔ በስንት መከራ የተካሁትን!"

ቱቦውን መነጨቀው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሲስተሯ ዘላ የባሌን አንገት በመዳፏ ደፈነች፣ መሣሪያው ይጮሃል። ዶክተሩ ሊይዘው ሲል በቡጢ አፉን አለውና ጣለው። ቀጥሎ ዱላውን መሣሪያው ላይ አነሣ። እሱ ከተሰበረ ባሌ አበቃለት። የዋርሳዬን የእጅ አንጓ ነከስኩት፤ ጥርሴ ደም እስኪቀምስ አልለቀቅሁም። ዱላው ሲወድቅ አነሣሁና ትከሻውን አነደድኩት። ደገምኩት። በጉልበቱ ተንበረከከ።

"ክኒንህ ነው የሚገድለው! እዚያ የሚያወጡት ያንተን ክኒን ነው!" ጋሼ ማለትም፣ አንቱ ማለትም ጠፋኝ።

"የኔን?" አለ። ዘበኞች እየጎተቱ ሲያወጡት እጁን እንኳ አላነሣም።

ዶክተሩ ከንፈሩ እየደማ ቱቦውን እንደገና ቀጠለው። ከጭኑ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው ጣሉ። መሣሪያው ብዙ ቀን አጠበው። ትኩሳቱ በረደ፤ በመጨረሻ ሽንቱ ጠብ ሲል እልል ልል ስል ሲስተሯ አፌን ያዘችኝ፦ "ኧረ በማርያም፣ በሽተኛ አለ!"

ባሌ እያነከሰ ቤቱ ገባ። በዚያው ቀን ዋርሳዬ በሬውን ግንባሩን በመጥረቢያ ብሎ ጣለና አረደው። ደም የሚንጠባጠብ ትኩስ ጉበት ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ ከእኔ ጋር ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። ጉበቱን አየ፣ አንጓው ላይ ያለውን የጥርሴን ጠባሳ አየ።

"ይሄም... ደም ይተካል ይባላል" አለ ቀስ ብሎ።

"ይባላል" አልኩት።

ዞረና ለውሻችን ወረወረለት። ያን ጊዜ ባሌ ከመደቡ ላይ ተጣራ፦

"ጋሼ! ውሻው ደግሞ ምን በደለህ?"