እህቴ በገና የሰማችበት ጾም

ልጅ ሳለሁ፣ ከጉና ግርጌ ባለው ቀዬአችን የዐቢይ ጾም ምሽት የሚናፈቀው በአያ ቢረሳው ምክንያት ነበር። አያ ቢረሳው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በገና ይሠራሉ፣ ይደረድራሉም። ፀሐይ አዘቅዝቃ ብርዱ ከተራራው መውረድ ሲጀምር እኛ ልጆች እቤታቸው እንሰበሰባለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ ጉልበታችንን እያሞቀው፣ ኩራዙ የበገናውን ጥላ ግድግዳው ላይ እያስረዘመው ተረት እንሰማለን። ያኔ ተረቱ ሳያልቅ እናቶቻችን ቢጠሩን እንኳ የሚነሳ አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ዝናሽ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የምትቀመጠው። በስድስት ዓመቷ ግን ብርቱ ትኩሳት ያዛት። ደብረ ታቦር ወስደው አሳከሟትና ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ተረቱን በእጄና በፊቴ የምነግራት እኔ ሆንኩ። አንድ ምሽት ታዲያ ተረቱ ጣመኝና ረሳኋት። ሁሉም በሳቅ ሲፈርስ ክንዴን ይዛ «ምን አሉ? ምን አሉ?» አለችኝ። እኔ ዓይኔን ከአያ ቢረሳው ላይ ሳልነቅል «ምንም» ብዬ እጄን አወናጨፍኩባት። ዝናሽ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱም በሳልስቱም አልመጣችም።

«እህትሽስ?» አሉኝ አያ ቢረሳው።

«አይሰማኝም ብላ ቀረች።» የራሴን ጥፋት ዋጥኩት።

«ሂጂ ጥሪያት። ዛሬ የምተርተው ለእሷ ነው በያት።»

ዝናሽ እየተጎተተች መጣች። አጠገባቸው አስቀመጧትና ጉንጯን ከበገናው ቋሚ እንጨት አስደገፏት፤ መዳፏን ደግሞ ቆዳ ከለበሰው የበገናው ሆድ፣ ከገበቴው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወፍራሙን አውታር መቱ። አውታሩ ቀስ እያለ ሲርገበገብ በዓይን ይታይ ነበር። ዝናሽ ደንግጣ ሸሸች፤ ወዲያው ግን ራሷ ተመልሳ ጉንጯን አስጠጋች።

«ይሄ ጅብ ነው» ብለው ጥርሳቸውን አገጠጡላት። ቀጥለው ቀጭኑን፣ ውጥሩን አውታር መቱ። እሱ እንደ ንብ ክንፍ ስለሚፈጥን ዓይን አይይዘውም። «ይነዝረኛል!» ብላ ጮኸች ዝናሽ። «ይቺ ጫጩት ናት» አሉ በትንሿ ጣታቸው እያሳዩዋት። ሁለቱን እያፈራረቁ፣ ጅቡ ሲያባብል፣ ጫጩቷ ከቆጥ ላይ ሆና ስትመልስለት፣ ተረቱን እስከ መጨረሻው ነገሯት። ጅቡ አፍሮ ሲሄድ ወፍራሙን አንዴ ብቻ መትተው ንዝረቱ እስኪሞት ተዉት። ዝናሽ ከሁላችንም ቀድማ ሳቀች።

ልጆቹ ሲበተኑ እኔ ቀረሁ። «አየሽ ልጄ፣ ድምፅ ማለት መርገብገብ ነው» አሉኝ። «ሲፈጥን ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ጆሮ ባይቀበለው አጥንት ይቀበለዋል።»

«አንቱ ይሄን በምን አወቁ?»

በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀጭኑን አውታር በጆሮዬ ከሰማሁት ሦስት ጾም አለፈ። ስደረድር ጉንጬን እንጨቱ ላይ የማስጠጋው ለወግ መስሎሻል? ለማንም እንዳትናገሪ።»

ዝናሽ ከዚያ ወዲያ ከበገናው አልተለየችም። አንድ ቀን እየደረደሩ ሳሉ እጃቸውን ያዘችና «ይሄኛው ላልቷል» አለቻቸው። አላመኗትም። ያንን አውታር እኩል ከሚቃኘው ጓደኛው ጋር አንድ ላይ መትተው ጉንጫቸውን አስጠጉ፤ ተስማምቶ አንድ ሆኖ መፍሰስ የሚገባው ንዝረት እየተቆራረጠ ይመጣ ነበር። መወጠሪያውን ቀስ እያሉ አዞሩት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ «በቃ» ስትል አቆሙ። አያ ቢረሳው ፀጉሯን ዳበሱ።

እስኪሞቱ ድረስ በገናቸውን የቃኘችላቸው እሷ ናት። ጾም በመጣ ቁጥር የሰበካው ሰው «የአያ ቢረሳው ቅኝት መቼም ዝንፍ አይልም» ሲል እሰማ ነበር፤ ቃሌን ጠብቄ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከእሳቸው ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ዛሬ ጠፍተውብኛል። ያልጠፋኝ ሽማግሌውና ሕፃኗ ጉንጫቸውን አንድ እንጨት ላይ አሳርፈው፣ አንዳቸው ሌላቸውን እያዩ ሲስቁ ነው። ያኔ በዚያ ቤት ከሦስታችን ደህና ጆሮ የነበረኝ እኔ ነበርኩ፤ የቀረብኝ ነገር እንዳለ የተሰማኝም እኔ ብቻ ነበርኩ።