ከአጋሮ ወዲያ ማር ፍለጋ

አክስቴ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ጠጅ ቤት ነበራት። ጠጇን ያደነቀ ሰው ሲመጣ «እኔ ምን አደረግሁ? ማሩ ነው እንጂ» ትላለች። ማሩን የምታመጣው ከጌራ ነበር። አጋሮን በቡናው የማያውቅ የለም፤ ከአጋሮ ወዲያ፣ ጫካው ውስጥ፣ እንደ ቅቤ የነጣ ማር መኖሩን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ጊዜው የቀይ ሽብር ነበር፤ እኔም እሷ ዘንድ የምኖር ተማሪ ነበርኩ። አንድ ማለዳ «ተነሽ፣ ጌራ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

«ትምህርቴስ?»

«ትምህርት ከነፍስ አይበልጥም።»

ሌላ አልጠየቅኳትም። ከሰፈራችን ልጆች መወሰድ ከጀመሩ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ገብቼ እደበቅ ነበር።

እስከ አጋሮ በጭነት መኪና ሄድን፤ የቀረውን በእግራችን። ማር የሚሸጡላት ሽማግሌ በደስታ ተቀበሉን። ሙስሊም ስለሆኑ ጠጅ አይቀምሱም፤ ማሩን በውሃ በጥብጠው ብርዝ ሰጡን። ገና እንደተጎነጨሁ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«ከየት ነው የመጣችሁት?» አለ አንደኛው።

«ከጅማ። ማር ልንገዛ ነው» አለች አክስቴ።

«ጅማ ገበያ ማር ጠፍቶ ነው? ወይስ ጫካ ለገቡት ስንቅ ልታቀብሉ?» ወደ እኔ ዞረ። «ይቺስ? ተማሪ ናት፣ አይደል?»

ብርዙ ከእጄ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሰካራም በአንድ ቃል ከቤቷ የምታስወጣው አክስቴ ልትለምነው ጎንበስ አለች።

ሽማግሌው ተነሥተው እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። «ኢንተላ ኮቲ፤ ልጄ ናት» አሉ።

«ልጆችዎን አውቃቸዋለሁ፤ ይቺን አይቻት አላውቅም።»

«ቤቴ የገባ እንግዳ ልጄ ነው። ከወሰድካት እኔንም ጨምረህ ውሰድ።»

እኔ የማየው የጥበቃውን ጣት ብቻ ነበር፤ የጠመንጃውን ማንገቻ ይዟል። በመጨረሻ «ነገ እዚህ እንዳላገኛቸው» ብሎ ጓደኛውን አስከትሎ ወጣ።

ሽማግሌው እስኪነጋ አልጠበቁም፤ ወዲያው ማሩን በእንስራ ሞልተው ሰጡንና በቡና ተክሉ መሐል መርተው አጋሮ መንገድ ላይ አደረሱን። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር የአክስቴን ነጠላ ጨምድጄ እይዝ ነበር። ጅማ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ወታደር መሣሪያ ደብቀን እንደሆነ ብሎ የማር እንስራችን ውስጥ ሳንጃውን እያስገባ ፈተሸ። ማር ብቻ መሆኑን ሲያይ ሳንጃውን ልሶ አሳለፈን።

ቤት ስንደርስ በሩ ተሰብሯል። በሌለንበት አሰሳ ተደርጎ የጎረቤቶቻችን ልጆች በመኪና ተጭነው ሄደዋል። አክስቴ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በሳምንቱ እዚያው ጌራ፣ ሽማግሌው ዘንድ መለሰችኝ፤ እኔን የምታስጠጋበት ሌላ ቤት አልነበራትም። ክረምቱን ከልጆቻቸው ጋር እየበላሁ፣ ቡናቸውን እያረምኩ ከረምኩ። ያ ጥበቃ የሽማግሌውን ቃል አክብሮ ይሁን ሌላ፣ ዳግም አልጠየቀኝም፤ በደጅ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። እኔም አጎንብሼ እመልሳለሁ። ኮቴው እስኪጠፋ ድረስ ቀና አልልም ነበር።